ከእናቷ ማሳ

«ልጅሽ ምን ሠርታ ነበር? ምን ብዬ ላልቅሳት?»

አልቃሿ ያምሮት በቀብሩ ዕለት አደይን ጠጋ ብላ የጠየቀቻት ይህን ነበር። ገበሬ ሲሞት በሬው ይነሣል፤ ቄስ ሲሞት ቅዳሴው። በአጭር ሕመም የሞተችው ሕሊና ግን ከምትሠራበት ከአዴት ወደ ትውልድ አገሯ ማንኩሳ ስትመጣ «ምርምር ላይ ነኝ፣ እማ» ብቻ ነበር የምትለው። ያምሮትም ያወቀችውን አለቀሰች፦ ሳትዳር፣ ሳትወልድ መሄዷን። አገሩ ሁሉ ደረቱን መታ። አደይ ግን በልቧ እንዲህ አለች፤ ልጄ ይህችው ብቻ ናት? በሰልስቱም እንዲሁ ከተለቀሰላት፣ ከዚያ ወዲያ ማን ያነሣላታል?

በማግሥቱ የሕሊና ባልደረቦች ከአዴት መጥተው ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ። ከሕሊና ጋር አንድ ክፍል ትሠራ የነበረችው ናጂሃ ከአደይ ጎን ሆነች።

«ልጄ፣ ሥራዋን ንገሪኝ። እኔ በሚገባኝ።»

ናጂሃ በስልኳ የሕሊናን ጽሑፎች አወጣች። አደይ አጎነበሰች። በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ከለየች ወዲህ የልጇ ስም የትም ቢጻፍ አይጠፋትም ነበር፤ ይህ ግን የፈረንጅ ፊደል ነው።

«የቷ ጋ ናት?»

ናጂሃ የአደይን ጣት ይዛ ስሙ ላይ አሳረፈችው። «ይህች ናት፣ እማማ። ሌሎች ተመራማሪዎች ሲጽፉ ‹ይህን ያገኘችው ሕሊና ናት› ብለው ይጠቅሷታል። የአፈር ባለሙያዎች፣ የከብት ሐኪሞች፣ የሕፃናት ሐኪሞችም። ከእኛ መካከል እንደሷ በየሙያው የሚጠቀስ የለም።»

«ሳያውቋት?»

«ሳያውቋት።»

የአደይ ባል ወንድም አለበል ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። «ወረቀት ወልዳለች በሉኛ! ወረቀት ተዝካር ያወጣል?»

«ኧረ አያ አለበል፣ ለቅሶ ቤት ነው!» አለች አንዲት ጎረቤት።

አደይ አልሰማችውም። «ምንድን ነው ያገኘችው?»

«አፈሩ ያጣውን ማዕድን እህሉ ያጣዋል፤ እህሉ ያጣውን ላሟም ሕፃኑም ያጡታል። ጠግበው እየበሉ የሚቀጭጩ ልጆች ለምን እንደሚቀጭጩ ያሳየች እሷ ናት። የመጀመሪያውን አፈር የወሰደችውም ከእርስዎ ማሳ ነው።»

አደይ ትዝ አላት። ግንቦት ነበር። አለበል «አፈሬን ለጠንቋይ ልትወስጂ!» ብሎ ከእርሻው ሲያባርራት ሕሊና ወደ እናቷ መጣች። «እማ፣ ካንቺስ?» አደይ የሰው አፍ ፈርታ ነበር፤ ቢሆንም የከረጢቱን አፍ ከፍታ ያዘችላት። ሕሊና እየቆፈረች «ከላዩ ብቻ አይደለም፣ ከሥሩም ነው» ትላለች፤ አቧራው እናቷን ሲያስነጥሳት ትስቃለች።

በሰልስቱ ጠዋት አደይ ያምሮትን ወደ ጓዳ ስባ ሁሉንም ነገረቻት። ያምሮት ጥቂት ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ከዚያ ወጥታ ከሴቶቹ መሐል ቆመች፦

«ባፈሩ ፈለገች የልጆችን ሕመም፣
የሰው ልጅ ልጇ ነው፣ መካንም አትባልም።»

ለቅሶው እንደ አዲስ ፈነዳ። አደይም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ማታ ድንኳኑ ፈረሰ። አለበል ሳይሰናበት ወጣ። የአዴት መኪና የሕሊናን ባልደረቦች ይዛ ሄደች። ናጂሃ ግን «እማማን ብቻቸውን አልተዋቸውም» ብላ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር። አደይ የሕሊናን ጋቢ አምጥታ አለበሰቻት፤ ጫፉንም እግሯ ሥር ሸጎጠችላት።

ሌላው ሁሉ ሄደ፤ ናጂሃ ቀረች።