የኸሚስ ማታ ውሃ

የአብራር ሚኒባስ ከቀዘቀዘች አትነሳም። ቀን ቀን፣ ሞተሯ ከሞቀ በኋላ፣ ቁልፉ ገና ሲነካ ትነሳለች። ጠዋት ግን ታጓራለች፣ ታስላለች፣ ነጭ ጭስ ትተፋለች፤ የአዋሽ ሰባት ኪሎን ሰው ቀስቅሳ እሷ መልሳ ትተኛለች። የሰመራ ተሳፋሪ ደግሞ መጠበቅ አይወድም፤ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ሌላ መኪና ይሻገራል።

እናቱ ሁሪያ ክፉ የማታስብበት ሰዓት የላትም። ልጇ ስልክ ካላነሳ መኪናው ተገልብጧል፤ ቶሎ ካነሳ ደግሞ ድምፁ ልክ አይደለም፣ የደበቃት ነገር አለ። የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪናው እንደ ተራራ የሚመጣበት፣ ግመሉ ሳይታሰብ አስፋልት መሃል የሚቆምበት መንገድ ነው። እሷ በዚያ መንገድ ሄዳ አታውቅም፤ ከሩቅ ሆና ስትፈራው ግን እያንዳንዱን ኩርባ ታውቀዋለች።

ከአገሯ ከወሎ ሰው በመጣ ቁጥር፣ ሸኹ ቁርኣን የቀሩበት፣ በዱዓ የባረኩት ውሃ ይላክላታል። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ጎማና ኮፈን ላይ መርጨት ነው። እሷም ኸሚስ ማታ፣ ለጁምዓ አጥቢያ፣ ትረጭ ነበር። ግን የአፋር ምድር ምን ያስተርፋል? እጇን ሳታነሳ ጠብታው ይደርቃል። «በደረቀ ነገር ልጄ ምን ሊጠበቅ ነው?» ብላ አሰበች። ጎማ ይቀየራል፣ ኮፈን ይታጠባል፤ ሆድ የገባ ግን ሆድ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ አብራር ሲተኛ የናፍጣውን ክዳን ከፍታ፣ ቢስሚላህ ብላ፣ በስኒ ትጨምርበት ጀመር። መኪናዋ ጠዋት ጠዋት እምቢ ስትል እንኳ አልጠረጠረችም። እንዲያውም «ይኸው፣ ከክፉ መንገድ እያስቀረው ነው» ብላ ስኒውን ወደ ብርጭቆ አሳደገችው።

በመጨረሻ አብራር መካኒኩን በለጠን ጠራ። በለጠ ቀን መጥቶ ሞተሩን ዳሰሰና ሳቀ።

«የሞቀ መኪና ዋሾ ነው። ትደር። ማንም እንዳይነካት። ቀዝቅዛ አገኛታለሁ።»

ከሱብሂ ሶላት በኋላ መፍቻውን ይዞ መጣ። አብራር ቁልፉን አዞረ። ማስነሻው ሞተሪኖ በደንብ አሽከረከረው፤ ሞተሩ ግን አልያዘም።

«ባትሪው አይታማም፤ እንዲህ እያዞረ» አለ በለጠ። ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ፈትቶ አንድ በአንድ ከባትሪው ጋር አነካካቸው፤ ሁሉም ጫፋቸው ፍም መሰለ። «እነዚህም ደህና ናቸው። ከእኔ ይልቅ ይሞቃሉ።»

«አንተማ ሚስትህ አገሯ ከሄደች ወዲህ ቀዝቅዘሃል አቦ።»

«ዝም በል! አሁን መፍቻ ይዣለሁ፣ ምላስህን እንዳልፈታው።»

ከዚያ የናፍጣ ማጣሪያውን ሥር አላልቶ በባዶ ሃይላንድ ጠርሙስ ቀዳና ወደ ብርሃን አነሳው። ላይ ላዩ ናፍጣ ነው። ታች የተኛው ግን ጥርት ያለ ውሃ። ሁሪያ በር ላይ ቆማ አየችው፤ የእሷ ውሃ ነው።

«ውሃ አጠጥተውሃል!» አለ በለጠ። «ቀን ከናፍጣው ጋር እየተናጠ ያልፋል። ማታ ይረጋል፤ ጠዋት ሞተሩ መጀመሪያ የሚጎርሰው እሱን ነው። ናፍጣ ከማን ነው የምትቀዳው?»

አብራር ፊቱ ተለወጠ። «ከከድሩ።»

ከድሩ ጎረቤታቸው ነው። ማደያ ሲደርቅ ለሾፌሮች በጀሪካን ናፍጣ የሚሸጥ፣ የሁሪያ ባል የሞተ ጊዜ በዚያ ሐሩር ቀብሩን ከቆፈሩት አንዱ። «እሱ አይደለም» ለማለት አፏን ከፈተች። «አንቺ በምን አወቅሽ?» የሚለው ጥያቄ ግን ከፊቷ ቆመ፤ አፏን መልሳ ዘጋችው። በኋላ ስታስበው፣ ራሷን ይቅር ልትል ያልቻለችው ስለዚያ ቅጽበት ነበር፤ ውሃውንስ ባለማወቅ ነው የጨመረችው።

አብራር ጠርሙሱን ይዞ መንገድ ዳር ወደ ከድሩ ወረደ። ከድሩ «ወላሂ! በልጆቼ!» እያለ ሲምል እስከ ግቢው ተሰማ።

«ወላሂህን ከናፍጣህ ጋር በጥብጠህ ሽጥ!» አለው አብራር።

በለጠ ታንኩን አጥቦ ማጣሪያውን ቀየረ። በማግስቱ መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። አብራርም ሰመራ መናኸሪያ ደርሶ፣ በሾፌሮች መሃል ቆሞ፣ «ከድሩ ውሃ ነው የሚሸጠው» አለ።

የሾፌር ወሬ ከመኪናው ይቀድማል። ከድሩ ደጅ መቆም ቀረ። ጀሪካኖቹ እንደሞሉ ፀሐይ ይመታቸዋል፤ እሱ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ሰላም ይላል። ሁሪያ ገበያ ስትሄድ እንዳያያት በሌላ መንገድ ዞራ ማለፍ ጀመረች። አንድ ቀን ከሰዓት ግን ፊት ለፊት ገጠማት።

«ሁሪያ፣ አብራር በሰላም ገባ?»

ሌባ ያለውን ልጅ ደህንነት ነው የጠየቃት። እዚያው መንገድ ዳር፣ ቅርጫቷን አስቀምጣ፣ ስለ ኸሚስ ማታ፣ ስለ ስኒው፣ ስለ ብርጭቆው ነገረችው።

ከድሩ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። መሬት መሬት እያየ፣ «እኔኮ ራሴን ጠረጠርኩ» አለ። «ጀሪካኑን ሁሉ አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ልጆቼን ‹ውሃ የጨመራችሁት እናንተ ናችሁ?› ብዬ ገረፍኳቸው።» «ይቅር ብዬሻለሁ» አላለም።

ማታ ለአብራር ስትነግረው እራቱን መጉረስ አቆመ።

«እማ… ናፍጣ ውስጥ?»

«በዱዓ የመጣ ነው ብዬ። ለክፉ አልሰጥህም ብዬ።»

«እኔ በሰው ፊት ሌባ አልኩት!» ተነሳ፣ ተቀመጠ። «አሁን ሄጄ ‹አይደለም› ብል ማን ያምነኛል? ‹ጎረቤት ናቸው፣ ታርቀው ነው› ይሉኛል።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«በስልክ?»

«በስልክ ሰው አይነጻም» አለች ሁሪያ፤ እንደተናገረችም ፈራች፤ ሰመራ መሄድ ማለት ያ መንገድ ማለት ነውና።

ጠዋት ከአብራር ጎን፣ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቁልፉ ሲዞር «ምነው ዛሬ እንኳ እምቢ ባለች» ብላ ተመኘች። አልሆነላትም። ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎግያን በተከፈተ ዓይን አላየቻቸውም። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የበሩን እጀታ ጨብጣ «ያረቢ!» ትላለች፤ ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ይስቃሉ።

ሰመራ መናኸሪያ ሾፌሮቹ በመኪኖቻቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። አብራር «እናቴ የምትነግራችሁ አላት» አለና አንገቱን ደፋ።

«ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አለች። ድምፏ ቀጠነ፤ ግን አልተቋረጠም። «ከድሩ አያውቅም። ቁርኣን የተቀራበት ውሃ ነበር፤ ልጄን ይጠብቅልኛል ብዬ ነው። እያወቅሁ ዝም ያልኩት ግን ፈርቼ ነው።»

አንዱ ሾፌር ሳቁን መያዝ አቃተው። «እናቴ፣ የእኔዋንም ዱዓ አድርጊላት፤ ብቻ ከላይ ከላይ!» ሌላው በክርኑ ጎሸም አደረገው። ከመሃል አንድ ሸበቶ፣ ጁነዲን የሚሉት፣ ተነስቶ ወደ እሷ መጣ። «እኔ ከከድሩ መቅዳት ያቆምኩት በዚህ ወሬ ነው» አለ። «ስመለስ ከእሱ እቀዳለሁ። እነዚህም ይቀዳሉ።»

ሁሪያ እፎይ አላለችም። የተቀመጡትን በዓይኗ አንድ በአንድ አየች።

«ሁላችሁም ይኸው ናችሁ?»

«ሌሎቹ፣ የከባድ መኪናዎቹ፣ ገላፊ ናቸው፤ ጉምሩክ ተራ ይዘዋል» አላት ጁነዲን።

«ወሬው እነሱም ጋ ደርሷል?»

«ደርሷል» አለ አብራር፣ መሬት መሬት እያየ።

ሁሪያ ሻርፗን አጥብቃ ወደ ሚኒባሷ ተመለሰች፤ ገብታ በሩን ዘጋች። ገላፊ ከሰመራም ወዲያ ነው፤ ከባድ መኪና ተሰልፎ የሚውልበት ጠረፍ። የበሩን እጀታ ጨበጠች።

«ንዳ» አለችው።