የአቦቦው አምባዛ

"ቆይ፣ እንዳትነኪው" አሉ ዶክተር በሪሁን፣ ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሡ። እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው አጁሉን ከጠረጴዛው ገፋ አደረጓት። "ይኼ ከየት የወጣ ነው?"

"ከአምባዛ ሆድ ነው፣ ዶክተር። የነሐሴው።"

"ከባሮ?"

"አዎ፣ ከባሮ።"

የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ እንደ ምድጃ ግሏል። ዶክተሩ ጠዋት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲገቡ ነጭ የነበረው ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል። እሳቸው ግን ሙቀቱን ረስተውታል። ናሙናው ያለበትን ብርጭቆ ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ ሳብ እያደረጉ ለብቻቸው ይስቃሉ።

አጁሉ እዚሁ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ስታስተምር ቆይታ፣ የትምህርት ፈቃድ ወስዳ በዶክተር በሪሁን አማካሪነት ማስተርሷን የጀመረች ሴት ናት። ጥናቷ የባሮ አምባዛ በበጋ ምን ይበላል፣ በክረምትስ ምን ይበላል የሚል ነው። አፍ ላይ ቀላል ነው። እሷ ግን ለዚህ ስትል ወንዝ ዳር ተቀምጣ ስንት የዓሣ ሆድ እንደቀደደች ፈጣሪ ይወቀው። ሽታው ከእጇ አልለቅ ብሎ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዘምራኑ ፈንጠር ብለው ይቀመጡ ነበር። የባጃጅ ሾፌሮች "የዓሣ ሐኪሟ መጣች" ይሉና የባጃጁን መጋረጃ ይገልጣሉ። አንድም ቀን ተቀይማ አታውቅም። "ሐኪም ካላችሁኝ በሽተኛ አምጡልኝ" ብላ ከነባልዲዋ ትሳፈራለች። እንዲህ ያለ ሰው ያስቀናል።

ዶክተሩ በመጨረሻ ቀና አሉ።

"እነዚህ ደቃቅ ነፍሳት የሚራቡት የረጋ ውሃ ውስጥ ነው። ባሮ በነሐሴ እየጋለበ እነዚህን ከየት አመጣቸው? ጎርፉ ሜዳው ላይ ተኝቶ ኩሬ ይሠራል ማለት ነው። አምባዛው እዚያ ሄዶ ይበላል። ይኼን እስካሁን ማንም አልጻፈውም፣ አጁሉ። ለጆርናል የሚበቃ ነው።"

"ለመመረቂያስ ይበቃል?"

"ይተርፋል እንጂ። በሰኔ ትመረቂያለሽ።"

ሰኔ ትልቅ ነገር ነው። እዚያው ክልሉ ውስጥ አንድ ኮሌጅ የሌክቸረርነት ቦታ ይዞላታል፤ በመስከረም ዲግሪዋን ይዛ ካልቀረበች ለሌላ ሰው ይሰጣል። አባቷ ደግሞ ገና ከአሁኑ ለምርቃቷ የሚለብሱትን ኮት አውጥተው ፀሐይ ላይ አስጥተዋል።

ዶክተሩን ሆቴላቸው አድርሳ በቀጥታ የባሮ ድልድይ ወዳለበት ወረደች። ከዳር ባለው ማንጎ ሥር፣ በዕድሜ እናቷ የምትሆነው ዓሣ ሻጭ ኛፑዎት ዓሣዋን በላስቲክ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ኑዌር ናት፤ አጁሉ አኝዋክ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አማርኛና ዓሣ ነው። ውላቸው ቀላል ነበር፦ ታንኳዎቹ ዓሣ ያመጣሉ፣ ኛፑዎት አምባዛውን ለይታ ታቆያለች፣ አጁሉ ጨጓራውን ትወስዳለች፣ ሥጋው ይሸጣል። አጁሉ የከተማው የኒውላንድ ሰፈር ልጅ ናት፤ ወንዙ አጠገብ አድጋ ታንኳ እንደ እባብ ትፈራለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ዳር ሆና ነው የምትጠብቀው።

ዛሬ ሁለት ቀዝቃዛ ሚሪንዳ ይዛ አጠገቧ ቁጭ አለች።

"እናቴ፣ በሰኔ እመረቃለሁ። አስተማሪዬ የነሐሴውን ዓሣ ወደደው።"

ኛፑዎት አጨበጨበች። "የነሐሴው! እሱን እኔን ጠይቂኝ። ብዙ ለመንኩ።"

"ማንን?"

"የመኪናውን ሰው። ያኔ ባሮ ተቆጣ። ታንኳ አይወጣም። አንቺ ትመጫለሽ፣ ባዶ ትሄጃለሽ። ፊትሽ ጥሩ አይደለም። እኔ ሆዴ አልቻለም። የአቦቦ ዓሣ በመኪና ይመጣል፣ የግድቡ። ለልጄ ትልቁን አስቀምጥ አልኩት።"

አጁሉ ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"ሁሉም የአቦቦ ነበር?"

"አይ፣ የባሮም አለ። አንድ ላይ አደረግኩት። አምባዛ ነው፣ ሁሉም አምባዛ ነው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅሽኝም" አለች ኛፑዎት፣ ፊቷ ላይ ፈገግታዋ እንዳለ። አንድ ሰው ሌላውን ሲወድ የሚያደርገውን ነው ያደረገችው። ምን ክፋት አለው?

አጁሉ ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች። የጨጓራ ናሙናዎቹ ጠርሙሶች መደርደሪያው ላይ ተሰልፈዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ በራሷ እጅ "ባሮ፣ ነሐሴ" ተብሎ ተጽፏል። የቱ የግድብ፣ የቱ የወንዝ እንደሆነ ከዚህ በኋላ የሚለይ ሰው የለም። ዶክተሩን ያስደነቋቸውን ደቃቅ ነፍሳት ጎርፍ ሳይሆን፣ ከረጋው ግድብ ዓሣ የጫነ መኪና ሳያመጣቸው አይቀርም። ይህንን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ኛፑዎት ነገሩ ችግር መሆኑን አታውቅም፤ ሾፌሩም ረስቶታል። ዝም ብትል ሰኔ ይመጣል፣ አባቷ ኮታቸውን ይለብሳሉ፣ ኮሌጁም ይቀበላታል። ዝም ማለት ደግሞ ምንም ሥራ የለውም። ግቢው ውስጥ ኮቱ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ስታየው አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጠበች።

በማግስቱ ዶክተሩን ልትሸኝ በሆቴሉ መኪና አብራ ሄደች። አውሮፕላን ማረፊያው ደረሱ። ሻንጣቸውን ሲያወርዱ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

"ዶክተር፣ የነሐሴው ዓሣ ሁሉ የባሮ አይደለም። የአቦቦ ግድብ ዓሣ ተቀላቅሎበታል። መለየት አልችልም።"

ዶክተሩ ሻንጣውን መልሰው መሬት ላይ አኖሩት።

"ማነው ያሳሳተሽ?"

"ማንም። ታንኳ ስለምፈራ ዳር ቆሜ ነው የተቀበልኩት። ከውሃ ሲወጣ ያላየሁትን ዓሣ የባሮ ነው ብዬ ጻፍኩ።"

"ይኼን ሌላ ማን ያውቃል..." ብለው ጀመሩና አቋረጡ። አንገታቸውን ነቀነቁ። "ተይው፣ አልጠየቅሁም። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከኔ መውጣት የለበትም።"

"ነሐሴን ሙሉ በሙሉ አወጣዋለሁ።"

"ካወጣሽው የክረምት ናሙና የለሽም። ሰኔ አይደርስልሽም። የኮሌጁም ቦታ..."

"አውቃለሁ። ይኸኛውን ክረምት እንደ አዲስ ልሥራው። ካልፈቀዱልኝም ይንገሩኝ።"

ዶክተር በሪሁን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ ሳይቆሽሽ። "ስንት ዓመት ተማሪ ሳማክር ስህተቱን ደብቆኝ የተመረቀውን እንኳ ኋላ ላይ አውቄያለሁ። አንቺ እዚህ ድረስ ተሸክመሽ መጥተሽ በእጄ አስረከብሽኝ። ኮርቼብሻለሁ፣ አጁሉ። እፈቅዳለሁ።" ሻንጣቸውን አነሡ። "አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ እኔም ታንኳ እፈራለሁ። እዚያ ላይ አታገኚኝም።"

ሁለቱም ሳቁ፤ የሷ ሳቅ ግን መሃል ላይ ተሰበረ።

ስትመለስ ድልድዩ አጠገብ ወረደች። ኛፑዎት ከሩቅ አይታት ከላስቲኩ ሥር አንድ ትልቅ አምባዛ ጎትታ አወጣች። አጁሉ አጠገቧ ተቀመጠችና የአቦቦው ዓሣ ከባሮው ጋር እንደማይቆጠር፣ ነሐሴን እንደገና እንደምትሠራው ቀስ ብላ ነገረቻት። ኛፑዎት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"እኔ አጠፋሁ?"

"አንቺ አዘንሽልኝ። መጠየቅ የኔ ሥራ ነበር፤ አልጠየቅሁም።"

"ባሮ እንደገና ቢቆጣስ? ዓሣ ከሌለ ምን ትጽፊያለሽ?"

"ዓሣ የለም ብዬ እጽፋለሁ።"

"እሱም ይጻፋል?"

"እሱም ይጻፋል፣ እናቴ።"

ኛፑዎት እጇን ከአፏ አወረደች። ከዚያ እንደ ልማዷ አምባዛውን ገፋ አደረገችላት። "ይኼን ውሰጂ። ትልቅ ነው።"

አጁሉ ዓሣውን በሁለት እጇ አነሣችው። የሚያምር ነበር፤ ጢሙ ገና አልደረቀም።

"ይኼ ከየት መጣ?"

ኛፑዎት ወደ መንገዱ አየች፣ ወደ ወንዙም አየች። "አላውቅም" አለች በመጨረሻ።

አጁሉ አምባዛውን ከሚሸጡት ጋር ቀላቀለችው። ከዚያ ታንኳቸውን ወደ ውሃው የሚገፉትን ዓሣ አጥማጆች "ጠብቁኝ" ብላ ተጣራችና ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈታች።