ነዳጅ ያለቀበት ፊልም

አረጋሽ እህቷን ሩሐማን ለሦስተኛ ጊዜ ጎሸም አደረገቻት። «ክሩን አውልቂው አልኩሽ እኮ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ገብተዋል።»

ሩሐማ ግራ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች። የወንጌል አማኝ ሴት እጅ ላይ ክር ሲታይ ምን እንደሚባል ታውቃለች፤ የለቅሶው ድንኳን ጥግ የሚንሾካሾኩት ጎረቤቶቿ ጠንቋይ ቤት ሳያስገቧት አልቀሩም። ያስገቧት። ባሏ ሚልክያስ ታሞ በተኛበት ሁለት ዓመት፣ ሲተኙ የሷን እጅና የሱን እጅ በዚህ ክር ያያይዙ ነበር። ሲብስበት ሳብ ያደርገዋል፣ እሷም ትነሳለች። የሷን እሱ ያስራል፣ የሱን እሷ።

የሚያስፈራት ሌላ ነው። ከሞተ ወዲህ ሦስት ቀን ሙሉ እንባ አልመጣላትም፤ ይልቅ ቀለላት። በመጨረሻው ጠዋት ሥቃዩን ማየት ቢያቅታት «በቃ ሂድ፣ እኔ ደህና እሆናለሁ» አለችው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሄደ። ገፍቼው ይሆን እያለች ትብሰለሰላለች።

የሚልክያስ የድሮ ጓደኛ ዶላሞ ከቱርሚ የጭነት መኪናውን እየነዳ የደረሰው ይሄኔ ነው፤ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሷል። አልቅሶ ተቀመጠና የቀረበለትን የቡና ገለባ ሸፈሮ ከነቅሉ ይዞ ስለ ድሮው ቪዲዮ ቤት ማውራት ጀመረ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ሚልክያስ ከጂንካ አውሮፕላን ሜዳ አጠገብ ቪዲዮ ያሳይ ነበር። በትሩን ይዞ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና የማያውቀውን ቋንቋ ሁሉ ባማርኛ ይተረጉማል። ጂንካን ያስለቀሰው ፊልም ግን አንድ ነው። አንዲት ሴት ትታመማለች፣ በየቀኑ እየቀለለች ሄዳ እግሯ መሬት ይለቃል። ባሏ ወገቧን በገመድ ከወገቡ ጋር አስሮ፣ እሷን ከላይ እያንሳፈፈ ገበያ ይወጣል። ሊያልቅ ሲል ጄኔሬተሩ ጸጥ ይላል። «ነዳጅ አለቀ፤ ግን ድናለች፣ ወልዳለችም» ይላል ሚልክያስ። ሩሐማ መጨረሻውን ልትጠይቀው ሦስት ጊዜ ተመላልሳ፣ በአራተኛው ሽማግሌ ላከባት። መጨረሻውን ግን አልነገራትም።

«ባለፈው ወር ልጠይቀው መጥቼ ነበር» አለ ዶላሞ። «ጄኔሬተሩን የማጠፋው እኔ ራሴ ነበርኩ አለኝ።»

ድንኳኑ ሳቀ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ዶላሞ ግን ቅሉን አስቀምጦ ወደ ሩሐማ ዞረ።

«መጨረሻውስ አልኩት። ባልየው ገመዱን ይፈታላታል አለኝ። ያኔ ጨካኝ መስሎኝ ደበቅኳችሁ፤ ለካ እንደዚያን ቀን ወዷት አያውቅም አለ። ከዛ እህቴ፣ ስላንቺ አነሳ። ደክሞኛል፣ ሩሐማን ግን ልቀቂኝ ማለት አቃተኝ አለኝ።»

ሩሐማ እንባዋ መጣ። ሴቶቹ እፎይ አሉ፤ ሐዘንተኛ ካላለቀሰች ያሰጋል። እሷም እፎይ አለች፣ የሷን ምክንያት ግን ማንም አላወቀም። ቀስ ብላ ፊቷን ጠረገች፤ ግራ እጇን ከነጠላው አውጥታ አረጋሽ ጉልበት ላይ አኖረችው።

«አንቺው ፍቺልኝ» አለቻት። «በአንድ እጅ አይሆንም።»