ለፈሪድ ያላስተማርኩት

ሸረፊያ ሰፈር በሚገኘው ቢሮ የመኪና ኢንሹራንስ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ የሚፈርመው ግን ፈሪድ ነው። ፈሪድ የሃያ ሁለት ዓመት ሳዑዲ ሲሆን በወር አንዴ፣ ደሞዝ በሚገባበት ቀን፣ ሽቶ ተቀብቶ ብቅ ይላል። መንግሥት በየቢሮው የአገሩ ሰው ይቀጠር ስላለ ባለቤቱ ሳሊሕ ፈሪድን በሦስት ሺህ ሪያል ጸሐፊ አድርጎ አስመዘገበው። ሦስቱም ሺህ በፈሪድ ስም ባንክ ይገባል። እሱ አንዱን ሺህ ለስሙ ኪራይ ያስቀርና ሁለቱን ለሳሊሕ ይመልሳል፤ ሳሊሕ ደግሞ ከዚያ ላይ አንድ ሺህ ስምንት መቶውን ለእኔ ይሰጠኛል። የእኔ ደሞዝ የሚባለው እንግዲህ ይኸው ነው።

ምን ይደረግ፣ ከእጅ አይሻል ዶማ! ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ «ሹፌር» ይላል፤ እኔ ግን መሪ ጨብጬ አላውቅም። ኢቃማውን ያወጣልኝ ከፊል፣ በወረቀት አሠሪዬ የሚባለው ሳዑዲ፣ መካ ነው ያለው። በየዓመቱ ቤቱ ድረስ ሄጄ ሦስት ሺህ ሪያል እሰጠዋለሁ፣ እሱም ሌላ ዘንድ ስሠራ እንዳላየ ያልፈኛል። ጉለይል ሰፈር ያለችው ክፍላችን በወር አራት መቶ ነበረች። ወረቀት የሌለው ሊታፈስ ነው የሚል ወሬ ሲነሳ አከራዩ «ለሐበሻ ማከራየት ያስቀጣል» ብሎ ስምንት መቶ አደረሳት። ስምንት መቶውን ሲቀበል ቅጣቱ ተረሳው። የተረፈችው ለዳቦና ከሚሴ ላለችው እናቴ ነበረች።

ሚስቴ ሲቲ፣ ኦብሑር ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራ ነበር። ስታረግዝ ማዳሟ ኢቃማዋን ነጥቃ አባረረቻት። ያለ ኢቃማ ሆስፒታል የገባች ሴት ከአልጋው ወደ ተርሂል፣ ማለትም ከአገር እስኪያስወጧት ወደምትታጎርበት እስር ቤት፣ ትወሰዳለች ይባል ነበር። የመጀመሪያ ልጃችንን እዚያችው ክፍል ውስጥ ወልዳ ልጁ አልተረፈም፤ እሷም ከሞት ነው የተመለሰችው። አሁን ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች።

«አብዱረሺድ፣ ወላሂ ሌላ ምንም አልፈልግም» ትለኛለች። «ይኸን ልጅ ብቻ ሆስፒታል ልውለደው።»

ሐጅ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ መንግሥት የውጭ ሰው ወረቀቱን እንዲያስተካክል የሰጠው የምሕረት ጊዜ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ ሳሊሕ ጠራኝ። የሥራ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ረቡዕ ይመጣል አለ።

«ፈሪድ እውነት እዚህ እንደሚሠራ ካየ ለቢሯችን አረንጓዴ ደረጃ፣ የውጭ ሰው የማስመዝገብ መብት፣ ይሰጠዋል። አረንጓዴ ከተሰጠን ኢቃማችሁን ወደ ስሜ ነቅል አደርግላችኋለሁ፤ ከፊላችሁ እኔ እሆናለሁ። አንተን በቢሮው፣ ሚስትህን በቤቴ ሠራተኛነት። ኢንሻአላህ። ኸላስ፣ ልጁን አስተምረው።»

ለሲቲ ስነግራት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ሦስት ቀን ሙሉ ፈሪድን አስተማርኩት። የሻንሲ ቁጥር የት እንደሚጻፍ፣ ያረጀ መኪና ዋጋው እንዴት እንደሚሰላ፣ ማኅተሙ የት እንደሚያርፍ፣ ሁሉንም። ስልኩን እየነካካ ሰማኝ። ደንበኛ ሲገባ ቀና ብሎ አለማየትን ግን ሳላስተምረው ያውቅ ነበር። ማክሰኞ ማታ አንድ ሙሉ ውል ሳይሳሳት ሲጽፍ ግንባሩን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ረቡዕ ተቆጣጣሪው መጣ፤ ጺሙ የሸበተ ጨዋ ሰው ነው። እኔ ወደብ የሚሠራውን የወዳጄን የሙሄን የመኪና ወረቀት ይዤ ደንበኛ መስዬ ተቀምጫለሁ። ተቆጣጣሪው ፈሪድን «በል የዚህን ሰው ጻፍለት፣ ልይህ» አለው። ፈሪድ ጠየቀኝ፣ መለስኩለት፣ ጻፈ፣ አሰላ፣ ማኅተም መታ። አንድም ስሕተት የለም። ሳሊሕ ከበስተኋላ ጥርሱን ገለጠ። እኔ በሆዴ አልሐምዱሊላህ እያልኩ ነው።

ተቆጣጣሪው ፋይሉን ሊዘጋ ሲል ፈገግ አለና «ማሻአላህ ልጄ፣ ደሞዝህ ስንት ነው?» አለ።

«አንድ ሺህ» አለ ፈሪድ።

ሳያስብ ነው ያለው። ኪሱ የሚገባውን ነዋ የሚያውቀው። ተቆጣጣሪው ፋይሉን መልሶ ገለጠ፤ ሦስት ሺህ ይላል። «የቀረው ሁለት ሺህስ?» አለው። ፈሪድ ሳሊሕን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። እኔ መሬት መሬት ማየት ጀመርኩ። ሁሉን አስተምሬው የገዛ ደሞዙን አላስተማርኩትም። ስንት ዓመት ወር በገባ ቁጥር በዚያ ሁለት ሺህ ስኖር፣ ገንዘቡ በወረቀት የእሱ መሆኑን ረስቼው ነበር።

ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞረና በትሕትና «ወንድሜ ይቅርታ፣ ይህ ቢሮ ከዛሬ ጀምሮ አይሠራም። ለወደፊቱም እንዲህ ላለ ቦታ ገንዘብህን አትስጥ» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ሳሊሕ ደረጃው ላይ ደረሰብኝ። ፈሪድ ባለ ትልቅ ዘመድ ስለሆነ ደፍሮ አይናገረውም፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፣ እኔ ላይ ጮኸብኝ።

«አንተ ነህ ያበላሸኸው!»

«አባቴ፣ እኔ ልቅር፤ እኔ ልታሰር። ሲቲን ብቻ በቤትህ ስም አስገባልኝ፤ እሷ ከቢሮው ጋር ምን አላት?» ትከሻውን ሳምኩት፣ እጁን ያዝኩት።

«ካንተ ጋር የሚያገናኘኝ ነገር አልፈልግም። ያላ፣ ሂድ!» ብሎ እጁን ነጠቀኝ።

ቤት ስገባ ሲቲ ቆማ ነበር የምትጠብቀኝ። ነገርኳት።

«ልጁ እውነቱን ስለተናገረ ነው እንግዲህ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ተኛች። ከዚያ ወዲያ ስለ ሆስፒታል አላነሳችም።

ምሕረቱ ባለቀ ማግስት፣ ሰኞ ቀትር ላይ ምጧ መጣ። ፖሊሶቹም የዚያኑ ሰዓት ጉለይል ገቡ። በየቤቱ እየዞሩ በር ይደበድባሉ፤ ሰው በጣራ ላይ ይሮጣል። ጎረቤታችን ራቢያ ሽሽቱን ትታ መጣችልን። ሲቲ ሻርፗን ነክሳ አንድም ድምፅ ሳታሰማ ሁለት ሰዓት አማጠች። ዓይኖቿ ከእኔ ላይ አልተነሱም።

ሕፃኗ ተወለደች፤ ጤነኛ፣ ጸጉረ ብዙ። ራቢያ እልል ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ልጄ ግን ምኑን ታውቃለች፣ ጮኸች። ፖሊሶቹ የጎረቤታችንን በር እየሰበሩ ነበር። እኔ አባቷ፣ በጆሮዋ አዛን ላሰማት ያቀፍኳት ሰውዬ፣ መዳፌን አፏ ላይ ጫንኩት።