የሙዚየሙ አዲስ መስተዋት

አባቴ አንዴ እንቢ ካለ እንቢ ነው። ሙዚየሙ ውስጥ እናቴ የሠራችው ትልቅ የግድግዳ ምንጣፍ ተሰቅሏል፤ እሱ ግን «ሚስቴን በትኬት አላይም» ብሎ፣ ከመንገዱ ማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኖ ነው የሚያያት። ሕንፃው ከወለል እስከ ጣሪያ መስተዋት ስለሆነ ተመችቶታል። እናቴ የሞተችው ገና በወጣትነቷ ነው።

የሕንፃ ጥገና ባለሙያ ነኝና የፊት ለፊቱን መስተዋት የመቀየሩ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። የብረት ክፈፉ ዝጓል፤ አሮጌው መስተዋትም ፀሐዩን እንዳለ ስለሚያስገባ የምንጣፉን ቀይ ቀለም ጨርሶታል። ቀርበው ሲያዩት የደረቀ ሸክላ መስሏል። ይህን ለአባቴ ልንገረው ስል አፌን ይይዘኛል። ለእሱ ግን ከማዶ ሆኖ ሲያየው ዛሬም ቀይ ነው። «ቀዩን እይው፣ ትናንት የተሠራ አይመስልም?» ይለኛል። ምን ልበል? «ይመስላል» እላለሁ።

«አባዬ፣ መስተዋቱን ልንቀይረው ነው» ስለው፣ «ደግ አደረጋችሁ፣ ቆሽሿል» አለ። እኔም የቀለሙን ነገር ሳላነሣ፣ ተገላገልኩ ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

አዲሱ መስተዋት ሙቀት የሚመልስ ቅብ አለው። ሠራተኞቹ የመጨረሻውን ገጥመው የማሸጊያውን ጎማ ዙሪያውን ጠቅጥቀው ሲጨርሱ፣ ተሻግሬ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቀና ስል መስተዋቱ ላይ የሚታየኝ መንገዱ ነው፤ መኪናው፣ ዛፉ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጥነው ሁለታችን። እናቴ የለችም።

«መስተዋት ስትዪኝ የመስኮት መስሎኝ» አለ አባቴ። «ለካ የፊት መታያ ነው።»

«ፀሐይ እንዳይጎዳት ብለን ነው፣ አባዬ።»

«እና እዚህ ተጎልቼ ይሄን ራሰ በራ ሽማግሌ ልይ?»

ሳቄ መጣ። እሱ ግን አልሳቀም፤ እናቴ የነበረችበትን ቦታ በዓይኑ ይፈልጋል። አንጀቴን በላው።

«ተነሥ፣ እንግባ» አልኩት። «ሥራው እስኪያልቅ ለሕዝብ ዝግ ነው፣ ትኬት የሚጠይቅህ የለም።»

ሰበብ አጣ። ክንዱን ይዤ አሻገርኩት። በሩ ላይ ስንደርስ ግን አላስቻለኝም።

«አባዬ፣ ቀዩ እንደምታውቀው አይደለም። ለቋል።»

ገባና አፍንጫው ምንጣፉን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ከላይ እስከ ታች፣ ክር በክር አያት። ሠራተኞቹ ውጭ ክፈፉን እየወለወሉ ይቀላለዳሉ፤ ድምፃቸው አይሰማም።

«አርጅታለች» አለ በመጨረሻ። እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ። «አየሽ ልጄ፣ ብቻዬን ያረጀሁ መስሎኝ ነበር።»