«ከተመለስኩ በኋላ ይነገረኝ»

ዮኮሱካ ወደብ ያለው የሰርጓጅ መርከቦች ስኳድሮን የሚባለው ምድብ ራሱ አይጠልቅም፣ አይተኩስም። አምስት መርከቦች አሉት፤ አንዷ ጥገና ላይ፣ አንዷ ልምምድ ላይ፣ አንዷ እረፍት ላይ ስትሆን ሁለቱ ባሕር ውስጥ ናቸው። የትኛዋ መቼ እንደምትወጣ፣ ማን ከየትኛዋ ወደ የትኛዋ እንደሚዋስ የሚወሰነው ግን የብስ ላይ ባለው በዚህ ቢሮ ነው። የሰዉን ጉዳይ የያዘው ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ባሕር ውስጥ ኖሮ፣ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ጠረጴዛ የተሰጠው አለቃ ኩዋባራ ነው።

ከጉዞ በፊት ሁሉም አንድ ቅጽ ይሞላል። ቤተሰቡ ላይ ክፉ ነገር ቢደርስ «ወዲያው ይነገረኝ» ወይም «ከተመለስኩ በኋላ ይነገረኝ» ከሚሉት ባንዱ ላይ በፊርማ ፈንታ ቀይ የስም ማኅተሙን ያሳርፋል። ሁሉም ሁለተኛውን ይመርጣል። መርማሪ የለም፣ አስገዳጅ የለም፤ ይሉኝታ ግን አለ። ባሕር ውስጥ ሆኖ መርዶ የሰማ ሰው የትም አይሄድ፣ ሰባ ሰው መሐል ተቀምጦ ያለቅሳል እንጂ። ይህን ለአዳዲሶቹ ሲያስተምር የኖረው ኩዋባራ ራሱ ነበር።

በሚያዝያ ኢሶሙራ ቅጹን ይዞ መጣ። ሶናር በሚባለው መሣሪያ የባሕር ውስጥ ድምፅ አዳማጭ ነው፤ ኩዋባራ ያሠለጠነው፣ ሚስት የሌለው፣ አባቱ በልጅነቱ የሞተበት፣ ኦዳዋራ ከተማ ካለችው እናቱ በቀር ማንም የሌለው ሰው።

«አለቃ፣ እናቴ ሰሞኑን ደህና አይደለችም። ምርመራ ብለዋታል። ዘንድሮ የቱ ላይ ላድርግ?»

ኩዋባራ ስልክ ጆሮው ላይ ነበር። «አንተ ደግሞ! በሠላሳ ዓመትህ ጡት አልጣልክም እንዴ? እናትህ እኔንም ትቀብራለች። እንደ ወትሮህ አድርግና ጥፋልኝ!»

ቢሮው ሳቀ። ኢሶሙራም አብሮ ሳቀና ሁለተኛው ላይ ማኅተሙን አሳረፈ።

ከአርባ ቀን በኋላ የእናቱ ጎረቤት ወይዘሮ ሱጋያ ደወሉ። «ጌታዬ፣ ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ብትቆይ ነው ብሏል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ‹መጣ?› ትላለች። ምን ልበላት?»

ኩዋባራ ስልኩን አስቀምጦ የኢሶሙራን ቅጽ ከመዝገቡ አወጣ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ያቺ ቀልዱ ትዝ አለችው።

በሁለተኛው ቀን ኢሶሙራ ካለባት መርከብ አንድ መርከበኛ ትርፍ አንጀት ታመመና መርከቧ ኦሺማ ደሴት አጠገብ ብቅ ብላ በሽተኛውን እንድታስረክብ፣ ስኳድሮኑም በጀልባ ተተኪ እንዲያደርስ ታዘዘ። አንድ ሰው ከወረደ ኢሶሙራም አብሮ ቢወርድ ምን ነበረበት? አዳማጭ እረፍት ላይ ካለችው መርከብ ይዋሳል፤ ስኳድሮን የተሠራው ለዚሁ ነው። ኩዋባራ እያነከሰ ወደ አዛዡ ቶኩናጋ ገባ።

አዛዡ ቅጹን አየ። «ሰውዬው አትንገሩኝ ብሏል። ቃሉ ይከበራል። ይህ የራሱ ቃል አይደለም የምትልበት ምክንያት ካለህ ግን ንገረኝና አወርደዋለሁ።»

ምክንያቱ ምላሱ ላይ ነበር። እኔ ነኝ ያሳቅኩበት ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ለዓመታት ሲያስተምር የኖረውን ማፍረስ ግን አሳፈረው።

«የለኝም ጌታዬ» አለ።

የበሽተኛውን ተተኪ ራሱ በጀልባ ይዞ ሄደ። ገመዱን ከመርከቧ ጀርባ ላይ ሆኖ የተቀበለው ኢሶሙራ ነበር፤ በመሐላቸው አሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

«አለቃ! ጉልበቱ እንዴት ነው?»

«እንደ አንተ አፍ፣ አያርፍም!»

«ቤት ሁሉ ሰላም ነው?»

ኩዋባራ ጠረኑን የሚያውቀውን የናፍጣ አየር ሳበና «ሰላም ነው» አለ። መዝጊያው ተዘጋ፤ መርከቧ ተመልሳ ጠለቀች። እናቲቱ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ቆየች።

በሐምሌ መርከቧ ስትመለስ ኩዋባራ መትከያው ላይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ነገረው።

ኢሶሙራ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ኦሺማ ጋ ስንገናኝ በሕይወት ነበረች?»

«ነበረች። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያኔ ባልስቅብህ...»

«ማኅተሙ የእኔ ነው፣ አለቃ» አለና ሻንጣውን አንሥቶ ሄደ። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

በጥቅምት ኢሶሙራ ለሌላ ጉዞ ተመደበ። ኩዋባራ ስልኩን ዘጋ፣ ወንበር ሳበለት፣ ቅጹን ራሱ ዘርግቶ «ወዲያው» የሚለው ላይ ጣቱን አኖረ።

«እዚህ ላይ አድርግ። የሚስቅብህ ካለ መጀመሪያ እኔን ያናግረኝ» አለ፣ ቢሮው ሁሉ እንዲሰማ።

ኢሶሙራ የአለቃውን ጣት አየ። ቁጣ ፊቱ ላይ አልነበረም።

«አመሰግናለሁ፣ አለቃ። ግን ስለ ማን ነው የሚነገረኝ?»

ማኅተሙንም እንደ ወትሮው ሁለተኛው ላይ አሳረፈ።