እናቷ የተሳፈረችበት ገጽ

አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ በሆዳቸው የከረመውን ወሬ ሁሉ ስድስት መቶ አርባ ገጽ ላይ ዘረገፉት። የማተሚያ ቤቱ አርታዒ "አባባ፣ ሲሶው ቢወጣለት ይሻላል" ቢላቸው፣ "የነዳሁት እኔ! አንተ የቱን መንገድ አውቀህ ነው የምታሳጥርልኝ?" ብለው አፉን አስያዙት። መጽሐፉም አንድ ቃል ሳይነካ ታተመ።

ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው መጽሐፉን የፈለገችው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር። እናቷ የሞተችው እሷ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው። ስለ እናቷ በጠየቀች ቁጥር አባቷ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና "እሱማ መጽሐፉ ውስጥ አለ" ይሏታል። ስለዚህ በየምሳ ሰዓቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ ቁርጥራጩን ጨርቅ ገፋ አድርጋ ታነባለች። መቼም ሰውየው ወሬ ላይ ስስት የለባቸውም። ስለ ትርፍ ጎማ አሥራ አንድ ገጽ ጽፈዋል። አንድ ተሳፋሪ ለረሳው ጃንጥላ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥተዋል፤ ባለቤቱ ሳይገኝ ምዕራፉ አለቀ። እሷም ለአባቷ ስትል ቻለችው።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ እናቷ ተሳፈረች። ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጠች። ልጅቷ ቸኩላ ገጹን ገለጠች። "በዚህ ጊዜ ፍሬን ያዝኩ። ፍሬን ካነሳን አይቀር..." ይላል። ከዚያ አሥራ አራት ገጽ ፍሬን ብቻ። ፍሬኑ ሲያልቅ እናቷ ከተቀበረች ዓመት ሆኗታል። ወደፊት ገለጠች፣ ወደ ኋላ ገለጠች፤ የለችም። መጽሐፉን ዘጋችው። ንዴቷም እንባዋም አንድ ላይ መጡ።

ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ አባቷ ቤት ሄደች። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው መነጽራቸውን ሲወለውሉ አገኘቻቸው።

"አባዬ፣ መጽሐፍህን ተውኩት። አቃተኝ።"

"የቱ ጋ ደረስሽ?"

"ፍሬኑ ጋ።"

"ገና ምኑን አየሽና! ሞተሩ ይመጣል እኮ።"

"ሞተሩ ይቅርብኝ። እማዬ ከኋላህ ቁጭ አለች፤ ከዚያስ? ለጃንጥላ አንድ ምዕራፍ ሰጥተህ ለእሷ ሁለት መስመር?"

መነጽራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ፊታቸው ድንገት አረጀባት፤ አንጀቷን በሏት።

"ሞክሬ ነበር ልጄ" አሉ ዝግ ብለው። "እሷ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ ይለኛል። ስለ ፍሬን ስጽፍ ግን አላለቅስም።"

ከጎናቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። "እንግዲያው አትጻፈው። ንገረኝ።"

ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ደግሞ የምን ዕቃ ወሬ ሊያመጣብኝ ነው ብላ ፈራች።

"ሁልጊዜ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ነበር የምትወርደው" አሉ። "የዚያን ቀን አልወረደችም። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ እሷ ብቻ ቀረች። 'እህት፣ መውረጃሽ እኮ አለፈ' አልኳት።"

"እሷስ?"

"'አውቃለሁ' አለችኝ።"